«በነፃ»፣ «ነፃ»፣ «ክፍት»፦ የሶፍትዌር ስሞች ፉክክር እና የኛ ቆጠራ

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ለሚያይ ሰው ዝርዝሩ ብዙም አይለያይም፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ ዊንራር፣ ቪኤልሲ፣ ጉግል ክሮም፣ አዶቤ ሪደር፣ አንዳንዴም ሰቨን ዚፕ። በስንት እንደተገዙ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ነፃ ናቸው»። ገንዘብ አልወጣባቸውምና። በፈቃዳቸው ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦፊሱ በክራክ የተከፈተ ከሆነ ዋጋ እያለው ያልተከፈለበት ዕቃ ነው። ዊንራር የ40 ቀን መሞከሪያ ነው፤ 40ው ቀን ካለፈ በኋላ «ግዙኝ» የሚል መስኮት እያወጣም ቢሆን መሥራቱን ስለማያቆም ሰው ነፃ ይለዋል። ክሮምና አዶቤ ሪደር ያለ ክፍያ ይታደላሉ፤ ቀይሮ መልሶ ማደል ግን አይፈቀድም። ቪኤልሲና ሰቨን ዚፕ ደግሞ ሶርስ ኮዳቸው (ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ወጥቶ የተቀመጠ፣ ማየትም መቀየርም መሸጥም የሚፈቀድባቸው ናቸው። ሰቨን ዚፕ ውስጥ እንኳ በዊንራር የታሸገ የራር ፋይል የሚፈታው ቁራጭ የራሱ ገደብ አለበት፤ በእሱ ኮድ ተጠቅሞ ራር የሚያሽግ ፕሮግራም መሥራት ክልክል ነው።

እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ስም መጥራት ጉዳት አለው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መሥሪያ ቤት ጨረታ ሲያወጣ፣ ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ሲያስገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍቱን ዲጂታል ሲያደርግ ግን ስሙ የሚሸከመው ነገር ውል ይሆናል። ስለዚህ ስሞቹ ከየት እንደመጡ፣ የትኛው እንደገነነ፣ ገናናነቱስ እንዴት እንደሚለካ አጥርቶ ማወቅ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመተ ምሕረቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ መጨረሻ አካባቢ የሚጠቀሰው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር ብቻ የኛ ነው።

መጀመሪያ ላይ ስም አላስፈለገም ነበር። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነበር፤ አይቢኤም በ1969 የሶፍትዌሩን ዋጋ ከማሽኑ ለይቶ ማስከፈል እንደሚጀምር ካስታወቀ በኋላ ነው «የሚሸጥ» እና «የማይሸጥ» የሚለው ልዩነት ሥር የያዘው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሁለት ዓይነት ስም ይዘው መጡ። አንደኞቹ የግል ኮምፒውተር ነጋዴዎች ናቸው። አንድሩ ፍሉገልማን በ1982 ፒሲ ቶክ የተባለውን ፕሮግራሙን «ፍሪዌር» ብሎ አሰራጨ፤ ቃሉንም የንግድ ምልክቱ አደረገው። ቦብ ዋላስ ፒሲ ራይት ለተባለው የጽሕፈት ፕሮግራሙ «ሼርዌር» የሚለውን ስም ተጠቀመ፤ ለጓደኛህ ቅዳለት፣ ከወደድከው ክፈል ማለቱ ነው። ሁለቱም የስርጭት ዘዴ ስሞች ናቸው። ሶርስ ኮድ ስለመስጠት የሚሉት ነገር የለም።

ሁለተኛው ወገን አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን ነው። በመስከረም 1983 ማንም ሊቀይረውና ሊያድለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራውን የግኑ ፕሮጀክትን አስታወቀ፤ በ1985 የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ፤ ፕሮግራሙን ያደለ ሰው ኮዱንም በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድደው የጂፒኤል ፈቃድ የመጀመሪያው በ1989፣ ሁለተኛው በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ። የ«ፍሪ ሶፍትዌር» (ነፃ ሶፍትዌር) ትርጓሜ ዛሬ አራት ነፃነቶችን ይቆጥራል፤ እንደ ፕሮግራመር ልማድ ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል። 0፣ ለማንኛውም ዓላማ ማስኬድ። 1፣ አሠራሩን ማጥናትና ለራስ በሚስማማ መንገድ መቀየር። 2፣ ቅጂውን ማደል። 3፣ የተሻሻለውን ማደል። ሶርስ ኮድ ማግኘት ለ1 እና ለ3 ቅድመ ሁኔታ ነው። ዋጋን የሚመለከት ቃል በአራቱ ውስጥ አንድም የለም፤ ነፃ ሶፍትዌርን በ100,000 ብር መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው ግን ያገኘውን ለጎረቤቱ መስጠት እንደሚችል ሻጩ ማወቅ አለበት።

የእንግሊዝኛው «ፍሪ» ዋጋ የሌለውንም ጌታ የሌለበትንም በአንድ ቃል ይጠራል። አርባ ዓመት ሙሉ የተደረገው ክርክር ግማሹ ከዚህ ቃል የመነጨ ነው። ፈረንሳይኛና ስፓንኛ ሁለት ቃል ስላላቸው «ሊብር» (ነፃነት ያለው) የሚለውን አበደሩ፤ በ2001 በአውሮፓ ኮሚሽን ድጋፍ በተካሄደ ጥናት ሪሻብ አየር ጎሽ ሁሉንም ወገን ለማስማማት «ፍሎስ» (ፍሪ/ሊብር እና ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) የሚለውን ምሕጻር ያወጣውም «ሊብር»ን መሐል አስገብቶ ነው። አማርኛ ከዚህ ችግር ውስጥ የገባው ሳይኖርበት ነው ባይ ነኝ። «በነፃ» ስንል ዋጋውን፣ «ነፃ» ስንል ሁኔታውን እናወራለን። «በነፃ ታከመ» እና «ነፃ ወጣ» የሚሉትን የሚያምታታ አማርኛ ተናጋሪ የለም። አንዲት «በ» ናት ልዩነቱን የያዘችው። ስለዚህ «በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር» እና «ነፃ ሶፍትዌር» ብለን ሁለቱን መለየት ያለ ምንም አዲስ ቃል እንችላለን፤ ይህን ዕድል ትተን የእንግሊዝኛውን ብዥታ አብሮ ማስገባታችን ያሳዝነኛል።

ወደ 1998 እንሂድ፤ የስሞቹ ትልቁ ውድድር የተደረገው በዚያ ዓመት ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በጥር ወር የድር ማሰሻውን ሶርስ ኮድ እንደሚለቅ አስታወቀ። ኩባንያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሯቸውን ሰጡ፤ ነገር ግን «ፍሪ» የሚለው ቃል ለሥራ አስኪያጅ «ገቢ የለም» ማለት ሆኖ ይሰማው ነበር። የካቲት 3 ቀን በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በተደረገ ስብሰባ ላይ ክሪስቲን ፒተርሰን ያመነጨችው «ኦፕን ሶርስ» (ክፍት ምንጭ) የሚለው ስም ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ወር ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፐረንስ ፈቃዶችን የሚያጸድቀውን ድርጅት፣ ኦፕን ሶርስ ኢኒሺዬቲቭን መሠረቱ። በሚያዝያ አሳታሚው ቲም ኦራይሊ የጠራው ስብሰባ መጀመሪያ የፍሪዌር ጉባኤ ተብሎ የተጠራ ነበር፤ ተሰብሳቢዎቹ በድምፅ ብልጫ «ኦፕን ሶርስ»ን መረጡ፤ «ሶርስዌር» የሚለው ከተሸናፊዎቹ አንዱ ነው። የ«ኦፕን ሶርስ» ትርጓሜ ከባዶ አልተጻፈም፤ ፐረንስ በ1997 ዴቢያን ለተባለው የነፃ ሶፍትዌር ስብስብ የተዘጋጀውን መመሪያ የዴቢያንን ስም አውጥቶ 10 ነጥብ አድርጎ ወሰደው። ይኸው ፐረንስ በዓመቱ፣ በ1999፣ ስለ ነፃ ሶፍትዌር መልሰን የምናወራበት ጊዜ ነው ብሎ ጽፎ ከድርጅቱ ወጣ። ስሙን ያነገሠው ሰው ራሱ ነፃነት የሚለው ቃል ከጨዋታ እንዳይወጣ ፈርቶ ነበር።

በዚያው 1999 የሆነ ሌላ ነገር ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለዛሬው ምስቅልቅል ዋናው ምክንያት ግን እሱ ይመስለኛል። «ኦፕን ሶርስ»ን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ቃሉ ነገሩን ከመግለጽ ያለፈ አይደለም ተባለ። ስለዚህ ማንም ኩባንያ ምርቱን «ኦፕን» ብሎ ቢጠራ በንግድ ምልክት ሕግ የሚከስሰው የለም። ስሙን የሚጠብቀው የባለሙያው ጩኸት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገናናነት። የትኛው ስም እንዳሸነፈ ለማወቅ ሰው ቶሎ የሚሄደው ወደ ሁለት መሣሪያ ነው። አንዱ የጉግል መጻሕፍት የቃላት ቆጣሪ ነው፤ ኤንግራም ይባላል። ሁለቱን ስሞች ብታስገቡ የ«ኦፕን ሶርስ» መስመር ከ1998 በኋላ ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ። አቅጣጫው እውነት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ያሳስታል። ከ1998 በፊት የሚታየው «ኦፕን ሶርስ» የስለላ ሰዎች ቃል ነው፤ ከጋዜጣና ከሬዲዮ በግልጽ የሚገኝ መረጃን ነበር እንዲያ የሚሉት። በዚያው ዘመን የሚታየው «ፍሪ ሶፍትዌር» ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይህን ማተሚያ ለሚገዛ ሶፍትዌር በነፃ» የሚል ማስታወቂያ ነው። መሣሪያው በትልቅና በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ካላዘዛችሁት ለየብቻ ይቆጥራል፤ በመሐሉ ሰረዝ ያለውና የሌለውም ሁለት ቃል ናቸው። «ፍሎስ»ን መቁጠርማ ከንቱ ነው፤ የጥርስ ማጽጃ ክርም የጥልፍ ክርም ስም ነውና። «ሊብር» በስፓንኛ የዕለት ቃል ነው።

ሁለተኛው ጉግል ትሬንድስ ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ያለውን ፍለጋ ያሳያል። ከ0 እስከ 100 ያለው ቁጥር የሰው ብዛት አይደለም፤ በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ድርሻ 100 ይባልና ሌላው ከሱ ጋር ይነጻጸራል። ድርሻውም ከጠቅላላው ፍለጋ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በስልክ ዘፈንና ኳስ የሚፈልግ ሕዝብ በቢሊዮን ስለተጨመረ የማንኛውም ሙያዊ ቃል ድርሻ ይወርዳል፤ መስመሩ ወረደ ማለት ፈላጊው ቀነሰ ማለት አይደለም። በተጨማሪ «ፍሪ ሶፍትዌር» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው የሚወርድ ፋይል ነው፤ «ኦፕን ሶርስ» ብሎ የሚጽፍ ግን ነገሩን በስሙ የሚያውቅ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጥ ዋጋን ከመብት ጋር ማወዳደር ይሆናል። አገሩን ኢትዮጵያ፣ ቃሉን በአማርኛ ብታደርጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በቂ መረጃ የለም የሚል መልስ ነው።

ስለዚህ የአማርኛውን ቆጠራ ራሳችን ማድረግ አለብን፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ስለ አማርኛ ቃላት ስርጭት የሚሰጥ ቁጥር ሁሉ በዚህ ወንፊት ካላለፈ አይታመንም።

መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ ይነበባል ወይ? ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው መመዘኛ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአገር ውስጥ የተሠሩ ሰነዶች የላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝ ቅርጽ በለበሱ ፎንቶች ተጽፈዋል። በዓይን ሲታዩ አማርኛ ናቸው፤ ከፒዲኤፍ ሲቀዱ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ኮተት ይሆናሉ። ፍለጋ አያገኛቸውም። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ሳይቀይሩ መቁጠር የቆዩትን የመንግሥት ሰነዶች ጠቅላላ መጣል ነው፤ ያኔ ቃሉ «በቅርቡ የመጣ» ይመስላል።

ሁለተኛ ፊደሉ። «ነፃ» በፀሐዩ ፀ፣ «ነጻ» በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፤ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሶፍትዌር»፣ «ሶፍትዌይር»፣ «ሶፍት ዌር» እየተባለ ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ሦስት 6 ነው። በፊቱ ምንም ሳይኖር፣ ወይም «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ» ሲጨመርበት 6 አመጣጥ አለው፤ 36 መልክ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ «ን»፣ «ኡ»፣ «ኦች» ሲመጣ ከዚህም ይበዛል። የተለመደው መፍትሔ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ፊደሎቹን ወደ አንድ መሰብሰብ ነው፦ ፀን ወደ ጸ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ በሰባቱም ቤት። ሁለት ነጥቡንም ወደ ባዶ ቦታ መለወጥ፣ አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር መለየት።

እስከዚህ ድረስ ማንም የቋንቋ ፕሮግራመር የሚያደርገው ነው። ጥፋቱ የሚመጣው በሚቀጥለው እርምጃ ላይ ነው። የአማርኛ ቃል ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ መስተዋድዱን ነቅሎ ይጥላል፤ «በቤት»፣ «ለቤት»፣ «ከቤት» ሁሉ «ቤት» እንዲሆኑ። «በነፃ» ላይ ይህ ሲደረግ ልንለካው የፈለግነው ልዩነት ራሱ ይጠፋል። ከዚህም በላይ «በነፃ ሶፍትዌር ያውርዱ» እና «በነፃ ሶፍትዌር የተሠራ ሥርዓት» የሚሉት አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ዋጋ፣ ሁለተኛው ስለ መሣሪያው ይናገራል። የሚለያቸው ግሱ ነው። ከኋላው ማውረድ፣ ማግኘት፣ መስጠት፣ መጫን ካለ ዋጋ ነው፤ መሥራት፣ መገንባት፣ መጠቀም ካለ ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ ነው። «በ»ን ሳይነቅሉ፣ ከቃሉ በኋላ ያሉትን አምስት ቃላት አብሮ ማውጣትና በግሱ መደልደል ይሠራል፤ የሚቀረውን ደግሞ ከእያንዳንዱ ስም 100 ዐረፍተ ነገር በዕጣ አውጥቶ በሰው ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። አቋራጭ የለውም።

«ክፍት ምንጭ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የገጠር የውኃ ሰነድ ውስጥ ክፍት ምንጭ ማለት ያልታጠረ፣ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ነው፤ ስለ ንጹሕ ውኃ የተጻፈ አንድ ሪፖርት ቆጠራውን ሊያናጋው ይችላል። ያንኑ ስም «ኦፕን ሶርስ»፣ «ኦፕንሶርስ»፣ «ኦፐን ሶርስ» ብሎ የሚጽፍም አለ። በመጨረሻም የቃሉን ብዛት ሳይሆን የሰነዱን ብዛት ቁጠሩ፤ አንድ ዜና በብዙ ገጾች ላይ ቃል በቃል ስለሚደገም አንድ ጸሐፊ የብዙ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ክፍት» የሚለው ለምን አሸነፈ? ለኩባንያ ስለተመቸ ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ይጎድለዋል። «ክፍት» ሊታይ የሚችል ነገር ነው፤ ኮዱ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ነፃ» ግን ማን፣ ከማን ነፃ ወጣ የሚል ጥያቄ ያስነሳል፤ ያንን በሥራ ስብሰባ ላይ ማንሳት የሚወድ ጥቂት ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ «ክፍት» ሲባል ሰው ማየትን ብቻ ያስባል። ማየት ግን ከአራቱ ነፃነቶች የአንዱ ግማሽ ነው።

ይህ ክፍተት ከ2018 ወዲህ በደንብ ተሠርቶበታል። የዳታቤዝ ኩባንያው ሞንጎዲቢ በዚያ ዓመት ጥቅምት ክፍት ከሆነው የኤጂፒኤል ፈቃድ ኤስኤስፒኤል ወደተባለ የራሱ ፈቃድ ተዛወረ፤ የፍለጋ ሶፍትዌር ሠሪው ኢላስቲክ በ2021፣ ሃሺኮርፕ በ2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨር ማዘጋጃ ይዞ፣ የዳታ ማከማቻው ሬዲስ በ2024 ተከተሉ። ኮዱ ይታያል፤ ነገር ግን በእሱ ተወዳዳሪ አገልግሎት መስጠት በተለያየ መንገድ ተከልክሏል ወይም ከብዷል። ለዚህ «ሶርሱ የሚታይ» የሚል ሌላ ስም ወጣለት፤ ትክክለኛ ስም ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አይወደድም። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤልን እንደ አማራጭ መልሰው ጨመሩ። ካዛንቺስም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ይዞ ሲስተም ለሚሠራ ልጅ ተግባራዊ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የፕሮግራሙ ስም ፈቃዱን አይነግረውም፤ የሚነግረው የዕትሙ ቁጥር ነው። ኢላስቲክሰርች እስከ 7.10፣ ቴራፎርም እስከ 1.5፣ ሬዲስ እስከ 7.2 ድረስ በቀድሞው ክፍት ፈቃድ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ «የመጨረሻውን ዕትም አምጣ» ብሎ ያዘዘ ሰው በአንድ ሌሊት ሌላ ውል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቁጥሩን መቆለፍ፣ ወይም ከቴራፎርምና ከሬዲስ ተገንጥለው የወጡትን ኦፕንቶፉንና ቫልኪን መጠቀም ሁለቱ መውጫዎች ናቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ደግሞ ባሰበት። ፌስቡክን የያዘው ሜታ ያወጣቸው ላማ የተባሉ ሞዴሎች «ኦፕን ሶርስ» ተብለው ተዋወቁ፤ ፈቃዳቸው ግን በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያለው ድርጅት ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል፣ የተከለከሉ አጠቃቀሞችንም ይዘረዝራል። ነፃነት 0፣ ለማንኛውም ዓላማ ማስኬድ፣ እዚያው ላይ ተሰበረ። ኦፕን ሶርስ ኢኒሺዬቲቭ በጥቅምት 2024 ለእነዚህ የተለየ ትርጓሜ ቢያወጣም የማሠልጠኛው መረጃ በሙሉ ይሰጥ ስላላለ ክርክሩ አልበረደም። እኔ መረጃው በሙሉ ይሰጥ ከሚሉት ጥብቆች ወገን ነኝ፤ አማርኛ ላይ የሚሳሳትን ሞዴል ለማረም የሠለጠነበትን ጽሑፍ ማየት ግድ ነውና።

በየኪሳችን ያለውን ቴሌግራምን እንኳ ብንወስድ ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ኮዱ በጂፒኤል የወጣ ነው፤ መልእክታችን የሚያልፍበት ሰርቨር ግን ዝግ ነው። «ቴሌግራም ኦፕን ሶርስ ነው» የሚል ሰው ግማሹን ነው የተናገረው። ፎንት ላይም እንዲሁ ነው፦ አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች ኦኤፍኤል በሚባል ክፍት ፈቃድ ስለወጡ በመጽሐፍም በመተግበሪያም ውስጥ ማስገባት፣ ቅርጻቸውን ማስተካከል ይፈቀዳል፤ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው የማይቻለው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኒያላ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለመጣ ብቻ «ነፃ» ተብሎ ወደ ሌላ መተግበሪያ የሚታሸግ አይደለም። ፒያሳ ያለ የግራፊክስ ባለሙያ ይህን ለይቶ ማወቁ ደንበኛውን ከክስ ያድናል።

ነገሩ ለኛ ትልቅ የሚሆነው በመንግሥት ሥርዓቶች ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ በቢኤስዲ ፈቃድ የወጣ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ ከሕንድ ባንጋሎር የመጣ፣ በኤምፒኤል 2.0 የወጣ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር የሚሠራበት ዲስፔስም በቢኤስዲ ነው። በስብሰባ አዳራሾች ሦስቱም ብዙ ጊዜ «ክፍት ምንጭ» ይባላሉ፤ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች አፍ ደግሞ ከ2020 ወዲህ የገነነው «ዲጂታል የሕዝብ ሀብት» የሚለው አዲስ ስም ነው። ይህ ሦስተኛ ተወዳዳሪ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ ገንዘብ የሚመጣው በእሱ ስም ነውና የጨረታ ሰነዶቻችንን ቃል የሚወስነው እሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ስም ከመሬት ሥርዓታችን የምናውቀው «የወል» የሚለው ቃል ይበልጥ ይስማማዋል እላለሁ፤ የወል ግጦሽ የሁሉም ነው፣ ግን ደንብ አለው።

በአንድ ስም ሲጠሩ የሚጠፋው ይኸውና። ቢኤስዲ ስም ከመጥቀስ ያለፈ ግዴታ ስለማይጥል አንድ አቅራቢ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ጨምሮ የሠራውን ዘግቶ መሸጥ ይችላል። ኤምፒኤል በፋይል ደረጃ ነው የሚይዘው፤ የሞሲፕን ፋይል የቀየረና ያደለ የቀየረውን ፋይል ይሰጣል፣ አጠገቡ በአዲስ ፋይል የጻፈውን ግን ላይሰጥ ይችላል። ጂፒኤል ሁሉን ይጠይቃል፣ ነገር ግን ፕሮግራሙ ለተረከበው ሰው ብቻ፤ አቅራቢው በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በድር ቢያስጠቅም መስጠት አይገደድም። ያንን ቀዳዳ የደፈነው ኤጂፒኤል ነው። እነዚህን አራቱንም «ክፍት ምንጭ» ብሎ የጻፈ የጨረታ ሰነድ አቅራቢውን አንድም ነገር አላስገደደውም።

ፈቃድ የሌለው ኮድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ኮድ በሚለጠፍበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ላይ ወጥቶ ማንም የሚያየው ኮድ የፈቃድ ፋይል ከሌለው መብቱ ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቆጥርም። ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲለቁ ፈቃዱን የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል መጨመር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይጨምሩ ሲቀሩ ግን ሥራው በሕግ ተዘግቶ ይቀራል።

ጨረታ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ በየትኛውም ስም ይጥራው፤ ከስሙ በኋላ ግን የሚከተሉትን ይጻፍ። ፈቃዱ በኦፕን ሶርስ ኢኒሺዬቲቭ የጸደቀ ይሁን፤ ስሙና ቁጥሩ በውሉ ላይ ይስፈር፣ «ጂፒኤል» ብቻ ሳይሆን «ጂፒኤል 3 ወይም ከዚያ በኋላ» እንደሚባለው። አቅራቢው የጨመረው ኮድ በምን ፈቃድ እንደሚረከብ፣ የቅጂ መብቱስ የማን እንደሚሆን ለየብቻ ይጻፍ። ርክክቡ ሶርስ ኮዱን፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጡትን መገንቢያ ስክሪፕቶች፣ የዳታቤዙን አወቃቀርና ከአንድ ዕትም ወደ ሌላ የሚያሻግሩትን የዝውውር ፋይሎች፣ የውቅር ናሙናውን ይጨምር፤ የድር ስሙና የሰርቨሩ ሒሳብ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ። ኮዱ በእጅ ኖሮ ሥርዓቱ የማይነሳው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ጎድሎ ነው።

ከክፍያው በፊት ደግሞ ፈተናው ይደረግ። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ይቅረብ፤ የአቅራቢው ሠራተኛ ሳይነካው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ በተረከበው መመሪያ ብቻ ከሶርስ ኮዱ ተነስቶ ሥርዓቱን ይገንባ፣ ያስነሳ፣ አንድ የሙከራ መዝገብ ያስገባ፣ አንድ ቃል ቀይሮ መልሶ ይገንባ። መሐል ላይ የአቅራቢውን የይለፍ ቃል ወይም የአቅራቢውን ሰርቨር የሚጠይቅ ነገር ከመጣ የተጠየቀው ነገር በርክክብ ዝርዝሩ ላይ ይጨመርና ፈተናው ከመጀመሪያው ይደገም።